«ትለምደዋለህ» የሚሉት መድኃኒት

ሰዎች መፍትሔ ሲያጡ የሚያዙት አንድ መድኃኒት አለ፤ ስሙ «ትለምደዋለህ» ይባላል። ብርዱን ለሚያማርር ስደተኛ፣ ጫማው ለጠበበው ተማሪ፣ አለቃው ለከበደው ሠራተኛ እኩል ይታዘዛል። ትንሽ፣ ቀልጣፋ፣ የስፖርት ጠባይ ያላት መኪና ገዝቶ ወገቡን ይዞ ለሚወርድ ሰውም የሚሰጠው ይኸው ነው። ሻጩ «ትለምደዋለህ» ይለዋል፤ መካኒኩ ይደግምለታል፤ ያንኑ ዓይነት መኪና የሚነዳው ወዳጁ ደግሞ ትከሻውን መታ አድርጎ ያጸናለታል። እኔም ከሁለት ዓመት በላይ ተብዬዋለሁ። ይህን የምጽፈው ቃሉን ለመሞገት ነው። መኪናዋን ለመክሰስ አይደለም፤ እርሷን እወዳታለሁ።

ከቃሉ ጋር ያጣላኝ፣ በአንድ ስም ሁለት የማይዛመዱ ነገሮችን መሸሸጉ ነው። መልመድ አንዳንዴ መማር ነው፤ አንዳንዴም መደንዘዝ ነው። ገበሬ እርፉን ይለምዳል፤ ማረሻው ከመሬት በታች ድንጋይ ሲነካ፣ ድንጋዩን ሳያይ በመዳፉ ያውቀዋል። ወፍጮ ቤት ውስጥ ያረጀ ሰውም ጩኸቱን ይለምዳል፤ እርሱ ግን የለመደው ጆሮው መስማት ስላቆመ ነው። ሁለቱም «ለመድኩት» ይላሉ። አንደኛው እውቀት ሲጨምር ሌላኛው አንድ የስሜት ሕዋስ አጥቷል። እንግዲህ «ትለምደዋለህ» ለሚለኝ ሁሉ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ እንደ ገበሬው ነው ወይስ እንደ ወፍጮ ቤቱ ሰው?

የምነዳት መኪና ማን እንደ ሠራት ለክርክሩ አይጠቅምም። አጭር ናት፤ ዝቅ ያለች ናት፤ መሪዋ ፈጣን፣ ሞላዋ የከረረ ነው። የምኖረው ከዋሺንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። የዚህ አገር መንገድ በሥዕል ሲታይ የተወለወለ ጠረጴዛ ይመስላል፤ የበረዶው ወራት ግን ገመናውን ያወጣዋል። ውኃ በአስፋልቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ሌሊት በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ቀን ይቀልጣል። ይህ ሲደጋገም፣ የካቲትና መጋቢት ላይ አስፋልቱ ይቦረቦራል። ያን ጊዜ በትልቅ መኪና የሚሄደው ጎረቤቴ የማያውቀውን ጉድጓድ ሁሉ እኔ በስም ልጠራው ምንም አይቀረኝም።

በዚህ ነገር የሚከራከሩኝ ሁለት ወገኖች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የምቾት ወገኖች ናቸው። ለእነርሱ መኪና የሚንቀሳቀስ ሳሎን ነው፤ መንገዱ በታች ይሁን አይሁን ሊሰማቸው አይገባም። በእኔ መኪና አንድ ጊዜ ከተሳፈሩ በኋላ «ምነው ጋሪ ገዛህ?» ይሉኛል። ሁለተኛዎቹ የስፖርት ወገኖች ናቸው። እነርሱ ደግሞ መንገጫገጩን እንደ ኒሻን ይቆጥሩታል፤ «ስፖርት እኮ ነው፤ ካልቻልክ ሽጠህ ለስላሳውን ግዛ» ይላሉ። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፦ መንገጫገጭ የቅልጥፍና ዋጋ ነው ብለው ያምናሉ። ልዩነታቸው አንደኛው አልከፍልም ማለቱ፣ ሌላው በመክፈሉ መኩራቱ ብቻ ነው። እኔ የምሞግተው ይህንን ስምምነታቸውን ነው።

አስቀድሜ ለእውነት እመስክር። ትንሽ መኪና የምትከርረው በክፋት አይደለም፤ ሦስት ምክንያቶች አሏት። አንደኛው ጭነት ነው። ሁለት ሺህ ኪሎ በሚመዝን ትልቅ መኪና ውስጥ አራት ሰዎች ከነዕቃቸው ገብተው ሦስት መቶ ኪሎ ቢጨምሩ፣ ክብደቱ በ15 በመቶ ብቻ ያድጋል። ስድስት መቶ ኪሎ ለምትመዝን መኪና ግን ያው ሦስት መቶ ኪሎ የራሷ እኩሌታ ነው። ሞላዋ ለብቻው ለሚነዳ ሰው ተስማምቶ ቢለሰልስ፣ ቤተሰቡ ሲሳፈር ሆዷ መሬት ይልሳል። ሁለተኛው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። ረጅም መኪና ጉብታውን በዝግታ ተራ በተራ ያልፈዋል፤ አጭሯ ግን አፍንጫዋ ከመውረዱ ጅራቷ ይነሣል። ሦስተኛው የጎማው፣ የቸርኬውና የፍሬኑ ክብደት ነው። ይህ ሁሉ ከሞላው በታች ያለ ስለሆነ መንገዱ ሲመታው ይዘላል። ከላይ ያለው አካል ከባድ ሲሆን ዝላዩን ይውጠዋል፤ ቀላል ሲሆን አብሮ ይናጣል። ቀጭን ሰው ከባድ ጫማ አድርጎ ሲሮጥ ማየት ነው።

የዚህ ሁሉ እናት የእንግሊዟ ሚኒ ናት። እ.ኤ.አ. በ1956 የስዊዝ ቀውስ ቤንዚን ባስወደደ ጊዜ፣ የብሪታንያው ቢኤምሲ ኩባንያ በሰምርኔስ የተወለደውን መሐንዲስ አሌክ ኢሲጎኒስን ትንሽ መኪና እንዲነድፍ አዘዘው። በነሐሴ 1959 ለሕዝብ የታየችው መኪና ርዝመቷ 3.05 ሜትር፣ በጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 2.03 ሜትር፣ ቸርኬዋ 10 ኢንች ብቻ ነበር። አራት ሰዎችን ከነሻንጣቸው ለመሸከም ኢሲጎኒስ የብረት ሞላ ትቶ አሌክስ ሞልተን የነደፈውን የጎማ ሾጣጣ ተጠቀመ። ጎማ ጥሩ ጠባይ አለው፤ በተጨመቀ ቁጥር ይበልጥ ይጠነክራል። ስለዚህ መኪናዋ ሰው ሲሞላባትም ወገቧ አይሰበርም። ዋጋው ግን የታወቀ ነው፤ ሚኒን የነዳ ሁሉ መንገዱን በመቀመጫው ያስታውሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሞልተን የፊቱንና የኋላውን ጎማ በፈሳሽ የሚያገናኝ ሌላ ዘዴ አምጥቶ ሊያለሰልሳት ሞከረ፤ አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ኩባንያው ወደ ጎማው ሾጣጣ ተመለሰ።

ያቺው የከረረች መኪና ግን በ1961 ኩፐር የሚል ስም ተጨምሮላት፣ በ1964፣ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸነፈች። በበረዶና በተራራ መንገድ ከእርሷ ብዙ እጥፍ ጉልበት ያላቸውን ቀደመች። ጎማዎቿ በአራቱ ማዕዘን ዳር ላይ ነበሩ፤ አካሏ በጥምዝ ላይ አይዘምም ነበር፤ መሪዋ የታዘዘውን ወዲያው ይፈጽም ነበር። ክረቷ ከንቱ አልነበረም፤ የሚገዛው ነገር ነበረው።

የእኛ ሰው ይህን ልዩነት ከመኪና በፊት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ለሩቅ መንገድ የሚፈለገው ሰጋር በቅሎ ነው፤ መኳንንቱና ሊቃውንቱ የሚመርጡት፣ ጀርባው ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይናጥ አገር አቋርጦ የሚደርስበት። ለጉግስ ግን ማንም በቅሎ አይጭንም። ፈረስ ይጭናል። ፈረሱ ይዘላል፣ ይነጥቃል፣ ያንገላታል፤ ፈረሰኛው ግን እያንዳንዱን ዝላይ በጭኑና በእርካቡ ያነበዋል፤ ገና ሳይታጠፍ መታጠፉን ያውቃል። ፈረሱን እንደ በቅሎ ስላልሰገረ የሚወቅስ ሰው፣ ፈረስም በቅሎም አያውቅም። ለምቾት ወገኖች የምሰጠው መልስ ይህ ነው።

እንደ ገበሬው መልመድም በእርግጥ አለ፤ ይቻላልም። መጀመሪያ የሚማረው እጅ ነው። አዲስ ሰው ሲንገጫገጭ መሪውን አንቆ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ጉድጓዱ በክንዱ አልፎ ትከሻውና አንገቱ ድረስ ይዘልቃል። መሪው በእርጋታ ሲያዝ መኪናዋ የራሷን መንገድ ታርማለች፤ መልእክቱ መዳፍ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ ዓይን ይማራል። ለስላሳ መኪና የሚነዳ ሰው ከፊቱ ያለውን መኪና ጅራት ያያል፤ የከረረች መኪና የሚነዳ ግን አሻግሮ አስፋልቱን ያያል፤ የጥገናውን ጥቁረት፣ የውኃውን ኩሬ፣ የሌሎችን መኪናዎች መደንገጥ ያነብባል። ከዚያ እግር ይማራል። ጉድጓድ ማምለጥ ካልተቻለ፣ ፍሬን መያዝ ቀደም ብሎ ነው፤ ጎማው ከመግባቱ በፊት ፍሬኑን መልቀቅ ያስፈልጋል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይሄድና የፊቱ ሞላ አስቀድሞ ይጨመቃል፤ የተጨመቀ ሞላ ደግሞ ምቱን የሚውጥበት ቦታ አይቀረውም። በመጨረሻ ወገብ ይማራል፤ መቀመጫው ጥግ ድረስ ገብቶ፣ ጀርባውን ደግፎ፣ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ ይቀመጣል። ተንጋሎ የሚነዳ ሰው ለእያንዳንዱ ምት አከርካሪውን ያበድራል።

ይህን የተማረ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናዋ የለሰለሰች ይመስለዋል። መኪናዋ አልተለወጠችም፤ እርሱ ተለውጧል። ዝናብ ሲጀምር የመንገዱ መንሸራተት ከመሪው መቅለል ይታወቀዋል፤ የአንድ ጎማ ንፋስ ሲቀንስ መብራቱ ሳይበራ ይጠረጥራል። ይህን መልመድ እቀበላለሁ፤ አመሰግናለሁም።

አሁን ወደ ስፖርት ወገኖች ልዙር፤ ዋናው ጠቤ ከእነርሱ ጋር ነው። ዛሬ «የስፖርት አካሄድ» ተብሎ ከሚሸጠው መንገጫገጭ ብዙው ከሞላው የሚመጣ አይደለም፤ ከጌጥ የሚመጣ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው በአንድ ደቂቃ ይረዳዋል። 175/65 R15 የሚል ጎማ ወርዱ 175 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቸርኬውና በመንገዱ መካከል ያለው የጎማ ግድግዳ የዚህ 65 በመቶ፣ ማለትም 114 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለዚያችው ትንሽ መኪና 205/45 R17 ቢገጠምላት፣ ቸርኬው አምሮ ይታያል፤ ግድግዳው ግን ወደ 92 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ አየርና ጎማ ተቀንሶ በብረት ተተካ ማለት ነው። ምቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ጎማው ነው፤ እርሱ ሲሳሳ ቸርኬው ጉድጓዱን በቀጥታ ይመታል፤ ቸርኬው ይጣመማል፣ ጎማው ይተረተራል፣ ባለቤቱም ጎሚስታ ቤት ይሰለፋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ንፋሱ ቢያልቅም እንዲሄዱ ግድግዳቸው የተጠናከረ ጎማዎች ናቸው፤ ጥቅም አላቸው፤ ግን የተጠናከረ ግድግዳ እንደ ልቡ አይታጠፍም።

በዚህ ላይ ሞላ አስቆርጦ መኪናን ዝቅ የሚያደርግ አለ። በፋብሪካ የተሰላውን ሞላ በመጋዝ አሳጥሮ፣ መኪናዋ መንገዱን ስትጠረግ «ስፖርት ሆነች» ይላል። ሞላው ሲያጥር የሚወርድበት ቦታ ያንሳል፤ ከማቆሚያው ጋር ይጋጫል፤ ሾኩ ከማይገጥመው ሞላ ጋር ታግሎ ያልቃል። ጎማው በየጉብታው ከመሬት ይለያያል፤ ከመሬት የተለየ ጎማ ደግሞ አይታጠፍም፣ አያቆምም። ጎማን ከመንገድ የሚያለያይ ድርቀት ስፖርት ሊባል አይችልም፤ የስፖርት ተቃራኒ ነው።

ለዚህ ምስክር ከፈለጋችሁ ከውድድር ሰዎች ራሳቸው ልጥቀስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ኮሊን ቻፕማን ሎተስ ኤላንን ባወጣ ጊዜ፣ መኪናዋ ትንሽና ቀላል ነበረች፤ ሞላዋ ግን ለስላሳ ነበር። ለስላሳው ሞላ ጎማው የመንገዱን ጎርበጥባጣ እንዲከተል ፈቀደለት፤ ሾኩ ደግሞ መወዛወዙን ገታው። እስከ ዛሬ በመሪ አሠራር የሚያህላት ጥቂት ነው የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። በ1989 የወጣችው የማዝዳ ኤምኤክስ-5 ከእርሷ መንፈስ የተወለደች ናት፤ በጥምዝ ላይ ትንሽ መዝመሟን ማንም እንደ ነውር አልቆጠረባትም። እንግዲህ ቅልጥፍና መንገጫገጭን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ልክ ነው።

የሰው አካልም ልክ አለው። ለስላሳ የቤተሰብ መኪና አካል በሞላው ላይ በሰከንድ አንድ ጊዜ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይወዛወዛል፤ የከረረው ወደ ሁለት ይጠጋል። ይህ ከሰው እርምጃ ብዙም ስለማይርቅ አካል ይችለዋል፤ እንዲያውም ይማረዋል። የተቀመጠ ሰው አካል እጅግ የሚጠላው በሰከንድ ከአራት እስከ ስምንት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰውን መናጥ ነው። ያን ጊዜ ሆድ ዕቃና አከርካሪ አብረው ይናጣሉ። ይህን ማንም «አይለምደውም»፤ ዝም ማለትን ብቻ ይለምዳል። የአበው ተረት ክፉ ልማድ ከዘመድ ያሰርቃል ይላል፤ ይህ ልማድ ከራስ ወገብ ያሰርቃል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ነጂው ነው። ከሁሉ የከበደኝ ግን የነጂው ጉዳይ አይደለም። ፈረሰኛ ሰው ሲያፈናጥጥ፣ ከኋላ ያለው ሰው ልጓም የለውም፤ እርካብም የለውም። ፈረሱ ሲዘል ፈረሰኛው ዝላዩን አስቀድሞ አውቆ ይነሣል፤ የተፈናጠጠው ግን ዝላዩን የሚያውቀው ከወደቀበት በኋላ ነው። በትንሽ የስፖርት መኪና የኋላ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ዕጣም ይኸው ነው። ደስታው ሁሉ የነጂው ነው፤ መሪው የሚነግረውን የሚሰማ እርሱ፣ ጉድጓዱን አስቀድሞ የሚያይ እርሱ፣ ጥምዙን የሚያጣጥም እርሱ። ለተሳፋሪው የሚደርሰው ምቱ ብቻ ነው። አክስቴን አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቷ ሳደርሳት፣ በራፏ ላይ ወርዳ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና እኔን ምን አድርጊያት ነው?» አለችኝ። ስቀን ተለያየን። ጥያቄዋ ግን የሚያስቅ አይደለም፤ በሰባ ዓመቷ «ትለምጂዋለሽ» ሊባልላት አይችልም። ለምን ብላ ትለምደዋለች? እርሷ ምን አተረፈች?

እነሆ ክርክሬ የሚያርፍበት ቦታ እዚህ ነው። ማንም ለራሱ ደስታ የራሱን ወገብ ሊከፍል መብቱ ነው። የሌላውን ወገብ መክፈል ግን አይችልም። «ትለምደዋለህ» የሚለው ቃል ክፋቱ ይህን ልዩነት ማጥፋቱ ነው፤ የሚማረውንም፣ የሚደነዝዘውንም፣ ምንም ሳያተርፍ የሚመታውንም በአንድ ቃል ዝም ያሰኛል።

«ታዲያ ሽጣት» የሚሉኝ አሉ። አልሸጣትም። ያደረግሁት ቀላል ነው። መኪናዋ በፋብሪካ ከተፈቀዱላት የቸርኬ ልኮች ትንሹን መርጬ፣ ውጫዊ ክቡ እኩል የሆነ፣ ግድግዳው ግን ወፍራም የሆነ ጎማ አስገጠምኩላት፤ ቸርኬው ለፍሬኑ እንዲበቃ፣ ጎማውም ለክብደቷ የተመዘነ እንዲሆን አስጠይቄ። ንፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በነጂው በር ፍሬም ላይ በተለጠፈው ቁጥር መሠረት እለካለሁ። በመርከብና በባቡር የሚጓጓዙ አዳዲስ መኪናዎች ጎማቸው አብዝቶ ይነፋል፤ አንዳንዴ ሳይቀነስ ለገዢው ይሰጣል፤ ከዚያ ገዢው የንፋሱን ድርቀት የሞላው መስሎት ያማርራል። ሰው ሲሳፈርልኝ ደግሞ እንደ ተሳፋሪው እነዳለሁ እንጂ እንደ ፈረሰኛው አልነዳም። ሞላዋ አሁንም የከረረ ነው፤ ጥምዙን አሁንም በመዳፌ አነበዋለሁ። የቀረው ጌጡ ያመጣው ምት ብቻ ነው።

የስፖርት ወገኖች «አምሮባት ነበር፤ አበላሸሃት» አሉኝ። ይህ ቃላቸው ለእኔ ትልቅ ማረጋገጫ ሆነኝ። ሲከራከሩልኝ የኖሩት ስለ መንገድ ሳይሆን ስለ ማቆሚያ ቦታ ነበር፤ መኪናዋ ቆማ እንዴት እንደምትታይ እንጂ ስትሄድ ምን እንደምትነግር አልነበረም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለች መኪና ለመግዛት ልብህ ከተነሣሣ፣ ሻጩ በመረጠልህ ለስላሳ ጎዳና ላይ ብቻ አትሞክራት። ወደ ሰፈርህ፣ አስፋልቱ ወደ ተቦረቦረው መንገድ ውሰዳት። መጀመሪያ ራስህ ንዳት። ቀጥለህ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጥና አንተ ከኋላ ወንበር ተቀመጥ። ከዚያ ወርደህ ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ። ሻጩ ያን ጊዜ «ትለምደዋለህ» ቢልህ፣ በትሕትና አንድ ነገር ጠይቀው፦ ከፊት የሚቀመጠውን ነው የምትለኝ ወይስ ከኋላ የሚቀመጠውን?